የፈረንሳዩን 75 ሚሊሜትር መድፍ ከሬዚን መግጠም፦ ሙጫው ከመከፈቱ በፊት ያለው ሥራ

የሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ፈሳሽ) ሞዴል ጀምረው መንገድ ላይ የሚተዉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ምክንያታቸውን ሲናገሩ አንዱ «አፈሙዙ ጎበጠብኝ»፣ ሌላው «መንኮራኩሩ ተሰበረ»፣ ሦስተኛው «ቀለሙ ተላጠ» ይላል። የሦስቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ዝግጅቱ ተዘሏል። ፕላስቲክ ሞዴል የለመደ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ በዚያው ምሽት ማጣበቅ ይጀምራል። ሬዚን ይህን አይታገሥም። ከሥራው ሁሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያልቀው ሙጫው ገና ሳይከፈት ነው።

ለምሳሌ የወሰድኩት በ1/35 መጠን የተሠራውን የ1897 ሞዴል የፈረንሳይ 75 ሚሊሜትር መድፍ ነው። ረጅም አፈሙዝ፣ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ያሉት መንኮራኩርና ስስ ጋሻ ስላለው የሬዚን ችግር ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገኝበታል። የዚያን ዘመን ብረት ለበስ መኪና የምትሠሩም ቢሆን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ያስፈልጋል?

ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ትንሽ መጋዝ፣ ስለታም ምላጭ፣ ደቃቅ ሞረዶች፣ በውሃ የሚሠራው ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥር 240፣ 400 እና 600)፣ ወረንጦ፣ የእጅ መሰርሰሪያ ከ0.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ከሚደርሱ ፑንታዎች ጋር፣ የነሐስ ሽቦ፣ ቀጭንና ወፍራም ሱፐር ግሉ፣ በሁለት ቱቦ የሚመጣ ኤፖክሲ ሙጫ፣ የሕፃናት ፓውደር፣ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጭ መነሻ ቀለም)። በተጨማሪ አንድ ወፍራም መስታወት ያዙ። የድሮ የመስኮት መስታወት ጠርዙ በፕላስተር ከተሸፈነ ይበቃል። ከመስታወት የበለጠ ዝርግ ነገር በቤት ውስጥ አታገኙም፤ ቀጥ ማለትንና እኩል መቆምን የምንፈትነው በእሱ ላይ ነው።

የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ አትግዙ። ያ ሙጫ የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው፤ ሬዚንን ስለማያቀልጥ አያጣብቀውም።

ስለ አቧራው

የሬዚን አቧራ ደቃቅ ነው፤ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ሁልጊዜ በውሃ እያራሳችሁ ሞርዱ። በመጋዝ ስትቆርጡ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፤ ተራው የጨርቅ መሸፈኛ አይበቃም፣ ኤን 95 ዓይነት ይሁን። ስትጨርሱ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ መጥረጊያ አቧራውን መልሶ ያስነሣዋል። ሬዚን የነካ ዕቃም ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም።

ደረጃ 1፦ ቆጠራ፣ ልኬትና የዓመት ምርጫ

1. ከመታጠብ በፊት ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከመመሪያው ሥዕል ጋር አመሳክሩና ፎቶ አንሡ። የጎደለ ወይም የተሰበረ ካለ ለሻጩ የምትጽፉት አሁን ነው። መጋዝ ከነካው በኋላ ማን እንደሰበረው ማስረዳት አይቻልም።

2. አፈሙዙን ለኩ። የእውነተኛው አፈሙዝ ርዝመት 2.7 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለ35 ሲካፈል 77 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። የአፉ ስፋት 75 ሚሊሜትር ስለሆነ በሞዴሉ ላይ 2.1 ሚሊሜትር ይሆናል። ሬዚን ሲደርቅ በጥቂቱ ይኮማተራል፤ ከሌላ ሞዴል ላይ በሕገወጥ መንገድ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ድጋሚ ይኮማተራል። የሞዴሉ አፈሙዝ ርዝመት በ77 ፈንታ 75 ሚሊሜትር ከሆነ መንኮራኩሩም ጋሻውም በዚያው ልክ ስላነሱ በዓይን አይታወቅም። ነገር ግን ለብቻው የሚሸጥ የብረት አፈሙዝ ገዝታችሁ አትቀላቅሉ፤ አይገጥምም።

3. የትኛውን ዓመት እንደምትሠሩ ወስኑ። መድፉ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስላገለገለ ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ፎቶዎች የተደባለቁ ናቸው። የጎማ መንኮራኩር ያለው በ1930ዎቹ በመኪና እንዲጎተት የተሻሻለው ነው። ጭራው (ከኋላ መሬት ላይ የሚያርፈው ረጅም ክንድ) ለሁለት የሚከፈለው በአዲስ ሰረገላ ላይ የተጫነው የአሜሪካኖቹ ነው። አፉ ላይ ቀዳዳ የበዛበት ቆብ ያለው ጀርመኖች በ1942 ፀረ ታንክ ያደረጉት ነው። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ የ1914ቱን የምትሠሩ ከሆነ የእንጨት መንኮራኩርና አንድ ጭራ ያለውን ብቻ ተከተሉ።

4. አቋሙንም አሁኑኑ ወስኑ። በሚተኩስበት ጊዜ የመንኮራኩሮቹ ማቆሚያ ከሥራቸው ይገባል፣ የጭራው ጫፍም መሬት ይነክሳል። በፈረስ ሲጎተት ማቆሚያው ወደ ላይ ይታጠፋል። ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት ሁሉም ከተጣበቀ በኋላ ነው።

ደረጃ 2፦ መታጠብ

ሬዚኑ የሚፈስበት የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ክፍሉን በቀላሉ እንዲለቅ ቅባት ይቀባል። ያ ቅባት ክፍሉ ላይ ይቀራል፤ በዓይን አይታይም፣ ሙጫም ቀለምም አያስይዝም።

1. ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በሰፊ ሳህን አዘጋጁ። ፍል ውሃ አይሁን፤ ስሱ ጋሻ ገና በዚህ ደረጃ ይጣመማል።
2. ትልልቆቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹ። ትንንሾቹን ከተያያዙበት ትርፍ ሬዚን ጋር በሻይ ማጥለያ ውስጥ አድርጋችሁ አንቀጥቅጡ።
3. በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና በወረቀት ላይ አሳድሯቸው። ውሃውን ከመድፋታችሁ በፊት ሳህኑን በጣት ዳብሱ፤ የወለቀ ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

*ካልተሳካ፦* ከደረቀ በኋላ የሚያብለጨልጭ ወይም ጣት ላይ የሚያዳልጥ ቦታ ካለ በአልኮል ጥረጉ። አሴቶን አትጠቀሙ፤ የሬዚኑን ፊት ያለሰልሰዋል።

ደረጃ 3፦ ጉቶውን መቁረጥ

እያንዳንዱ ክፍል ሬዚኑ በገባበት በኩል ወፍራም ትርፍ ይዞ ይመጣል። ጉቶ የምለው እሱን ነው።

1. ከመቁረጥ በፊት የመድፉን አፍ ታች በደንብ እዩ። እዚያ የተንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች አሉ፤ አፈሙዙ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚንሸራተተው በእነሱ ነው። ትርፍ ሬዚን መስለዋቸው ሞርደው የሚያጠፏቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ያለ እነሱ ያለው አፈሙዝ የሌላ መድፍ አፈሙዝ ነው።

2. በመጋዝ ቁረጡ፤ በፒንሳ ወይም በመቁረጫ መቀስ አትንኩ። ሬዚን ተሰባሪ ስለሆነ የመቀሱ ምት ከቁርጡ አልፎ ክፍሉን ይሰነጥቀዋል። ከክፍሉ አንድ ሚሊሜትር ራቁና ከሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ እየነከሳችሁ መሃል ላይ አገናኙት።

3. የቀረውን አንድ ሚሊሜትር በመስታወቱ ላይ በተዘረጋ እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት በ240 ጀምሩ፣ በ400 ቀጥሉ፣ በ600 ጨርሱ። ክፍሉን በክብ አዙሩ፤ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ከተገፋ አንዱ ጠርዝ ይበላል።

4. መንኮራኩሮቹን መጨረሻ ላይ አድርጓቸው። በዘንጎቹ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ በምላጭ ጫፍ የምታጸዱት ጉቶው ገና ሳይቆረጥ ነው፤ እጃችሁ የሚይዘው ጉቶውን ነውና። ምላጩን ከእምብርቱ ወደ ዙሪያው ግፉ፤ ዘንጉን ወደ ጎን የሚጫን ማንኛውም እንቅስቃሴ ይሰብረዋል።

5. ሁለት ሦስት ጉቶዎችን አትጣሉ። ከዚህ በኋላ ሙጫም፣ ፕራይመርም፣ ቀለምም የሚሞከረው በእነሱ ላይ ነው።

*ዘንግ ከተሰበረ፦* ስብርባሪው ካልጠፋ በቀጭን ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ ነክታችሁ መልሱት። ከጠፋ የቀርከሃ የጥርስ መጎርጎሪያ በብርጭቆ ወረቀት አቅጥናችሁ ተኩ። ከቀለም በኋላ ማንም አይለየውም፤ እውነተኛውም እንጨት ነበር። ወለል ላይ የወደቀ ክፍል ስትፈልጉ መብራት አጥፉና የእጅ ባትሪውን ወለሉ ላይ አጋድማችሁ አብሩ፤ ትንሿ ስብርባሪ ረጅም ጥላ ትጥላለች።

ደረጃ 4፦ የጎበጠውን ማቃናት

አፈሙዙን በመስታወቱ ላይ አንከባሉት። ጫፉ እየተነሣ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ጎብጧል። ጋሻውንም ዘርግታችሁ በሥሩ ብርሃን የሚያልፍ መሆኑን እዩ።

1. ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ መቶ አይደርስም፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።
2. ክፍሉን በወረንጦ ይዛችሁ ሙሉ በሙሉ ንከሩት። ለጋሻ ግማሽ ደቂቃ፣ ለአፈሙዝ አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ በለጥ ይበቃል።
3. ወዲያው ሳትታገሉ አውጡት። ብዙ ጊዜ ሬዚን ሲሞቅ ወደ መጀመሪያ ቅርጹ ራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ በመስታወቱ ላይ አስተኝታችሁ በሌላ ዝርግ ነገር በቀስታ ተጫኑት።
4. በያዛችሁት ቅርጽ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ከመቀዝቀዙ በፊት አትልቀቁት።

ያልሞቀ ሬዚን ፈጽሞ አታጉብጡ። የክብሪት ወይም የሻማ ነበልባልም አታቅርቡ፤ ፊቱን ያቃጥላል፣ ጢሱም መርዛማ ነው።

*በማግሥቱ ተመልሶ ከጎበጠ፦* አፈሙዙ በራሱ አይቆምም ማለት ነው፤ አከርካሪ ስጡት። ከጥይት መጉረሻው በኩል በ1 ሚሊሜትር ፑንታ የቻላችሁትን ያህል ወደ ውስጥ ሰርስሩ፣ ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ በኤፖክሲ ቀብታችሁ አስገቡ። በዱባይ ወይም በጅዳ ሙቀት የምትኖሩ አፈሙዙ ባይጎብጥም ይህን አድርጉ። በመኪና ውስጥ የተረሳ የሬዚን አፈሙዝ ከሰዓት በኋላ አንገቱን ደፍቶ ይገኛል።

ደረጃ 5፦ የአየር ቀዳዳዎች

1. አጠራጣሪ ቦታዎችን በመርፌ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ። ከላይ ስስ ቆዳ የሸፈናት ቀዳዳ አሁን ካልተከፈተች በቀለም ጊዜ ትከፈታለች።
2. ትንንሾቹን በወፍራም ሱፐር ግሉና በፓውደር ድብልቅ ሙሉ። ቤኪንግ ሶዳ የሚመክሩ አሉ፤ አልስማማም። በቅጽበት ይጠነክራል፣ ከሬዚኑም ስለሚበረታ ስትሞርዱ ዙሪያው ይበላና እብጠቱ ይቀራል።
3. ድብልቁን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞርዱ። ካደረ ይጠነክራል።
4. ትልልቆቹን በሁለት ክፍል በሚቦካ የኤፖክሲ ስቱኮ ሙሉ። የግድግዳ ስቱኮ ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ደረጃ 6፦ ያለ ሙጫ መግጠም

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚህ አፍስሱት።

1. ጭራውን፣ አክስሉን፣ መንኮራኩሮቹን፣ አፈሙዙንና የሚቀመጥበትን አልጋ በወረቀት ፕላስተር ብቻ አያይዛችሁ መድፉን በመስታወቱ ላይ አቁሙ።

2. አሁን መንጋደዱን ፈትሹ። አራት መንኮራኩር ያለው መኪና ከተንጋደደ ይንገዳገዳል፤ ትሰሙታላችሁ። መድፍ ግን የሚቆመው በሁለት መንኮራኩርና በጭራው ጫፍ ነው፤ ሦስት እግር እንዳለው በርጩማ የትም ቢያስቀምጡት አይነቃነቅም። ስለዚህ «አይንገዳገድም» ማለት «ቀጥ ብሏል» ማለት አይደለም። የአክስሉን ግራና ቀኝ ጫፍ ከመስታወቱ በማስመሪያ ለኩ። በመካከላቸው የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ካለ ጋሻው ላይ ሲደርስ በግልጽ ይታያል።

3. ልዩነት ካገኛችሁ መንኮራኩሮቹን አቀያይሩና ድጋሚ ለኩ። ስሕተቱ ወደ ሌላው ጎን ከተዛወረ ጥፋቱ የመንኮራኩሩ ነው፤ እዚያው ከቀረ የአክስሉ ነው። አክስል ከሆነ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፤ ወይም በተመሳሳይ ውፍረት የነሐስ ዘንግ ተኩት። እኔ ሁልጊዜ እተካዋለሁ። ሸክሙን ሁሉ ለዓመታት የሚይዘው እሱ ነውና ለሬዚን አላምነውም።

4. ጫና ያለባቸውን መጋጠሚያዎች በሽቦ አጠናክሩ፤ አፈሙዙን ከአልጋው፣ ጭራውን ከአክስሉ፣ ጋሻውን ከሰረገላው። በአንዱ ክፍል መሃል 0.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ በእጅ ሰርስሩ፣ ጫፉን የቀለም ጠብታ አስነኩ፣ ሌላውን ክፍል ግጠሙበትና አንሡት። ቀለሙ ያረፈበት ቦታ የሁለተኛው ቀዳዳ ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ትራፓኖ አትጠቀሙ፤ ፑንታው ሲግል ሬዚኑን ያለሰልስና ቀዳዳው ይሰፋል።

*ቀዳዳዎቹ ካልተገናኙ፦* አንደኛውን ብቻ በ1 ሚሊሜትር ፑንታ አስፉት። ሽቦው ሲላላ ክፍሉን ወደ ትክክለኛ ቦታው ትገፉታላችሁ፤ ክፍተቱን ኤፖክሲ ይሞላዋል።

ደረጃ 7፦ ማጣበቅ

ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፤ ከጎን ምት ሲያርፍበት ግን በቀላሉ ይለቃል። ለጌጥና ለትንንሽ ክፍሎች እሱን፣ ሸክም ላለባቸው ኤፖክሲን ተጠቀሙ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ጭራና አክስል በኤፖክሲ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ በመስታወቱ ላይ ይደር።
2. አፈሙዝና አልጋው፣ ለብቻ።
3. አልጋው በሰረገላው ላይ። ከፊት ቆማችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ፤ አፉ ከሁለቱ መንኮራኩሮች እኩል ይራቅ።
4. እጀታዎች፣ ማነጣጠሪያና ሌሎች ጥቃቅን ክፍሎች።
5. መንኮራኩሮቹና ጋሻው አሁን አይጣበቁም። ተለይተው ይቀባሉ።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው። በጥርና በየካቲት የአዲስ አበባ ደረቅ አየር «ሙጫው ተበላሽቷል» የሚያሰኝ መዘግየት ካያችሁ አጠገቡ እርጥብ ጨርቅ አስቀምጡ። በባሕር ዳርቻ የባሕረ ሰላጤ ከተሞች ደግሞ ክፍሉን ሳታስተካክሉ ይይዝባችኋል፤ እዚያ ወፍራሙ ይሻላል።

*ጠማማ ሆኖ ከተጣበቀ፦* አትገንጥሉ። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት አቆዩት። ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል፤ በቀስታ ጠምዘዝ ስታደርጉት ይለቃል። ይህ ለኤፖክሲ አይሠራም፤ በምላጭ መክፈት ብቻ ነው መፍትሔው።

*ከደረቀ በኋላ ሙጫው ዙሪያ ነጭ ጉም ከታየ፦* ሙጫው በዝቷል ወይም አየር አላገኘም። ቀለም ስለሚሸፍነው ተውት፤ አትፋቁት።

ደረጃ 8፦ ፕራይመርና ቀለም

1. በእጅ ቅባት ስለተበከለ ሁሉንም በአልኮል እንደገና ጥረጉ።
2. ፕራይመሩን መጀመሪያ በጉቶ ላይ ሞክሩ። ከመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገዛው ይሠራል፤ አንዳንዱ ግን ሬዚኑን ያጨመድዳል፣ ይህንንም በጉቶው ላይ ማየት ይሻላል።
3. ግራጫ ፕራይመር በስሱ ርጩ። ጭረቱንና ያመለጣችሁን ቀዳዳ በግልጽ ያሳያል። አስተካክላችሁ ሁለተኛ ጊዜ ርጩ። ፊቱ ሻካራ ከሆነ ቀለሙ አየር ላይ እያለ ደርቋል ማለት ነው፤ በደጋ ደረቅ አየር ይህ የተለመደ ነው። በ600 አለስልሱና ትንሽ ቀርባችሁ ርጩ።
4. የ1914ቱ የፈረንሳይ መድፍ ነጣ ያለ ሰማያዊ ግራጫ ይቀባ ነበር። አረንጓዴ፣ ቡናማና ቢጫማ ቀለም የተዥጎረጎረበት የጦርነቱ የኋለኛ ዘመን ነው። ፓሪስ በሌዘንቫሊድ እንዳለው ያሉ የሙዚየም መድፎች ለቅርጽ ጥሩ ምስክር ናቸው፤ ለቀለም ግን አትመኗቸው፣ በየጊዜው እንደገና ይቀባሉና።
5. ጥይት መጉረሻው ራቁት ብረት መሆኑን አትርሱ።
6. ጭቃ የምትቀቡ ከሆነ መንኮራኩሩ ዙሪያና የጭራው ጫፍ ላይ ብቻ ይሁን። አፈሙዙ ላይ ጭቃ የሚያስቀር መድፈኛ አለቃው አይለቀውም።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻው ግጥሚያ

በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያለውን ቀለም ፋቁ፤ ሙጫ ቀለምን ከያዘ ከቀለሙ ጋር ይላጣል። መጀመሪያ መንኮራኩሮቹን በኤፖክሲ አስገቡ፣ መስታወቱ ላይ አቁማችሁ የአክስሉን ከፍታ ለመጨረሻ ጊዜ ለኩ። ኤፖክሲው ለስላሳ እስከሆነ ድረስ በሥሩ የተጣጠፈ ወረቀት በመክተት ማስተካከል ይቻላል። ጋሻው ከሁሉም በኋላ ይገባል። ከኋላ የሚታየው ጠርዙ ወፍራም ከሆነ ከመቀባቱ በፊት በውስጥ በኩል አግድም ሞርዳችሁ አሳሱት፤ እውነተኛው ጋሻ ስስ የብረት ሉህ ስለሆነ ሬዚኑ ሁልጊዜ ይወፍራል።

ሥራው ሲያልቅ ከመስኮት ፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ለጉዞ ስታሽጉት አፈሙዙን ሳይሆን አክስሉን በስፖንጅ ደግፉ፤ በጉምሩክ የሚከፈት ሳጥን ከሆነ «ሞዴል፣ ተሰባሪ» ብላችሁ ከላይ ጻፉበት፣ ደረሰኙንም አያይዙ። በኤክስሬይ የመድፍ ቅርጽ ያየ ፈታሽ ሳጥኑን መክፈቱ አይቀርም።